ስሜን የፈረምኩበት ወረቀት

ይድረስ ለምወድሽ ታናሽ እህቴ ለትርንጎ፤ አሰብ።

እንደምን ሰነበትሽልኝ፣ ትርንጎዬ? ያ የአሰብ ሙቀት እንዴት አደረገሽ? ኅዳር ሲገባ ትንሽ ያስተነፍሳል ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበር፤ እውነት አስተነፈሰሽ ወይ? የወገብሽስ ነገር እንዴት ሆነ? ባለቤትሽ ሀብተማርያም ደኅና ሥራ ውሎ ይገባል? ትንሹ ደመቀ ያ ሳሉ ለቀቀው? ልጅሽ ብርቱካንስ እንዴት ናት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት አለሁ። ሲበርድ ጉልበቴን ያመኛል እንጂ እቆማለሁ፣ እሄዳለሁ። ዘንድሮ ብርዱ ቀድሞ ገብቶ ጠዋት ጠዋት ከጓሮዬ ጎመን ላይ አመዳይ አያለሁ። የሁላችሁም ናፍቆት ግን ከብርዱ ይብሳል።

የመስከረም ደብዳቤሽ ጥቅምት ካጋመሰ በኋላ ደረሰኝ። ብርቱካን አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ የታይፕ ትምህርት ለመማር በታኅሣሥ ወደዚህ እንደምትመጣ፣ የምታርፈውም ክርስትና እናቷ ወለተጻድቅ ቤት እንዲሆን እንደምትፈልጊ ጽፈሽልኛል። «የእሷ ቤት ሁለት ክፍል ነው፣ ብቻዋንም ናት፤ ለሁለቱም ይበጃል» ብለሻል። ደግሞም «ወለተጻድቅ ምን ነክቷት ነው ዝም ያለችኝ? በሦስት ደብዳቤ ጠየቅሁሽ፤ በሦስቱም ስለ ዝናቡና ስለ ጤፉ ብቻ ጽፈሽ አለፍሽው» ብለሽ ተቆጥተሻል። ልክ ነሽ፤ እያወቅሁ ነው ያለፍኩት። አሁን ግን ልጅቷ ሻንጣዋን ይዛ የሰው ቤት በር ከምታንኳኳ፣ አንቺ እኔን ብትጠዪኝ ይሻላል ብዬ ቆረጥኩ። ሁሉንም ከሥሩ እነግርሻለሁ። ይህን ደብዳቤ ማንንም አላስጻፍኩም፤ በገዛ እጄ ነው የምጽፈው። ፊደሌ ቢንጋደድ ታገሺኝ።

ማኅበራችንን ታውቂዋለሽ። በየወሩ በሃያ አንድ የእመቤታችንን ጽዋ የምንጠጣው አሥራ ሁለት ሴቶች ነበርን። ሙሴያችንም ያችው ወይዘሮ ዓለም ናት፤ ተራ የምታስጠብቀው፣ የተጣላ የምታስታርቀው፣ የቀረውን የምትገሥጸው እሷ ናት። እኔና ወለተጻድቅ አንቺ እያለሽ እንደነበረው ጎን ለጎን ነበር የምንቀመጠው። ባሏ ጥሩነህ ካረፈ ወዲህ በርበሬና ሽሮ እያዘጋጀች ትኖር ነበር፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ከእሷ ነበር የሚገዛው።

እኔን ፊደል ያስቆጠረችኝም እሷ ናት። አንቺ ከሄድሽ በኋላ፣ በ1972 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ቀበሌ አዳራሽ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን አብረን ጀመርን። እሷ ቶሎ ገባት። እኔ ግን የ«ሸ»ን ቆብ እየረሳሁ ስሜን «ሰዋገነት» ብዬ ስጽፍ ልጅ እግሩ አስተማሪ ይስቅብኝ ነበር። ወለተጻድቅ ከክፍል ስንወጣ እቤቷ ትወስደኝና ሰፌድ ላይ ሽሮ ዘርግታ በጣቴ ታስጽፈኛለች፤ ሲበላሽ ነቅነቅ አድርጋ ታጠፋውና «እንደገና» ትለኛለች። ስሜን ሳልሳሳት የጻፍኩ ቀን ከእኔ ይልቅ እሷ ተደሰተች።

አምና በሁዳዴ መጨረሻ ላይ ጠርታኝ ሄድኩ። በሯን ዘጋችና የግራ እጇን እጅጌ ሰብስባ ክንዷን አሳየችኝ። ከክርኗ ከፍ ብሎ መዳፍ የሚያህል የነጣ ቆዳ አለ። ከመርፌ ማስቀመጫዋ መርፌ አውጥታ ወጋ ወጋ አደረገችውና «አይሰማኝም» አለች። «ሥጋ ደዌ ነው ብለውኛል። ኪኒን መዋጥ ከጀመርኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሐኪሙ መድኃኒቱን የጀመረ ሰው ወደ ሌላ አያጋባም ብሎኛል፤ ይኸው ወረቀቱ» ብላ ሰጠችኝ። አነበብኩት፤ እንዳለችው ነው፣ ማኅተምም አለበት። ከዚያ ያልጠየቅኋትን ጨመረችልኝ። «አያጋባም ቢለኝም እኔ ግን ጽዋው ሲዞር ከንፈሬን አላስነካውም። ዓመት ሙሉ የጠጣሁ መስዬ ዘንበል አድርጌ ነው ለአንቺ የማቀብልሽ። ሐኪሙ ቢሳሳትስ ብዬ ነው» አለች። አስታወስኩ። እውነት ነው፤ ጽዋው ወደ እሷ በገባበት ልክ ሆኖ ነበር ወደ እኔ የሚመጣው። «ለማንም እንዳትነግሪብኝ» አለችኝ። በእመቤታችን ስም ማልኩላት።

ያን ምስጢር ሦስት ሳምንት እንኳ አልያዝኩትም። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ቀበሌ ሱቅ ስኳር ለመውሰድ ከወይዘሮ ዓለም ጋር ተሰልፈን ነበር። «ወለተጻድቅ በየወሩ ወደዚያ ሆስፒታል ስትሄድ ታይታለች፤ ምን ሆና ነው?» አለችኝ። አላውቅም ማለት እችል ነበር። ነገር ግን እኔ ብቻ የማውቀው ነገር አለ የሚል አንድ ጣዕም ምላሴ ላይ መጣ፤ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። ጠጋ ብዬ ነገርኳት። ከነገርኳት በኋላም «ጸልዪላት እንጂ ለሰው እንዳታወሪ» አልኳት። እኔ ነኝ ይህን ያልኩት፣ ትርንጎዬ።

ግንቦት ሃያ አንድ ቀን ማኅበር ስንሰበሰብ ወሬው ለሁሉም ደርሶ ነበር፤ ከአቀማመጣቸው አወቅሁ። ወለተጻድቅ አጠገብ ካለሁት ከእኔ በቀር አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ያህል ባዶ ቦታ ትተው ነው የተቀመጡት። ትንፍሽ ያለ ግን የለም። የሰኔ ተራ የእሷ ስለነበር ወይዘሮ ዓለም ጽዋውን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ አስረከበቻት። ጉንጯን ሳትነካ ሳመቻት። «ለከርሞ በሰላም ያድርሰን» ተባለ፤ እልል ተባለ። ወለተጻድቅ ጽዋውን ደረቷ ላይ አድርጋ ስትወጣ ሁላችንም ደጅ ድረስ ሸኘናት።

ለሰኔ ማርያም ያልሆነችው የለም። ጠላውን አስቀድማ ጠነሰሰች። ግድግዳዋን በኖራ አስቀባች። አልጋዋን ወደ ጓዳ አስገብታ አግዳሚ ከጎረቤቷ ከአልፊያ ተዋሰች፤ ያችን የስልጤዋን አልፊያን ታስታውሻታለሽ። የሰኔ ጾም ስለሆነ የጾም ወጥ አምስት ዓይነት ሠራች። ጥሪው ለዘጠኝ ሰዓት ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፤ ማንም አልመጣም። ጠበል ጸዲቁን የሚባርኩት የነፍስ አባታችን አባ ገብረአምላክም አልመጡም። አሥር ሰዓት ሆነ።

እኔ የት ነበርኩ ትዪኝ ይሆናል። ቤቴ ነበርኩ። የእኔና የእሷ ደጅ ሦስት በር ነው የሚለያየው፤ በቆርቆሮ አጥሬ ቀዳዳ አያታለሁ። ነጭ ለብሳ ትወጣለች፣ መንገዱን ወደ ላይና ወደ ታች ታያለች፣ ትገባለች። ተመልሳ ትወጣለች። አንድ ጊዜ ለማንም ሳይሆን ፈገግ አለች፤ ሰው የመጣ መስሏት መሆን አለበት፤ አላፊ ነበር። ሌሎቹም በየአጥራቸው ቀዳዳ እንደሚያዩ አውቅ ነበር። አንዷ ብትወጣ ሁላችንም የምንወጣ ይመስለኛል። አንዳችንም አልወጣንም።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን አላስችል ብሎኝ ሄድኩ። «ሌሎቹ ምን ሆኑ?» ብላ አልጠየቀችኝም። አስገባችኝ፣ እጄን አስታጠበችኝ፣ በዚያ ሁሉ ባዶ አግዳሚ መሀል አስቀመጠችኝ። አቀረበችልኝ፤ ትንሽ ቀማመስኩ። ከዚያ በጽዋው ቀድታ ሰጠችኝ። ያዝኩት፤ አፌ ድረስ አደረስኩት። አልቻልኩም። ወረቀቱን አንብቤዋለሁ፤ ዓመት ሙሉ ለእኛ ብላ እንዳልጠጣች አውቃለሁ፤ ከንፈሬ ግን አልከፈት አለኝ። ቆማ ታየኝ ነበር። ቀስ ብላ ከእጄ ወሰደችውና «ተዪው። አንቺ ነሽ የነገርሻቸው» አለችኝ። ጥያቄ አልነበረም። በማግሥቱ ያን ሁሉ ምግብ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላሉት ነዳያን ወስዳ አደለች። እነሱ አልጠየቋትም፤ በሉላት።

ክፉው ገና ነበር። ለአሥረኛው የአብዮት በዓል ከተማዋ ትጽዳ ተብሎ ክረምቱን ሙሉ ስብሰባ በስብሰባ ሆንን። አጥር ቀለም ተቀባ፣ ለማኝ ከየመንገዱ ተነሣ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ፈቀደ ከወይዘሮ ዓለም ጋር መመካከር አበዛ። ነሐሴ ሰባት ቀን፣ በፍልሰታ ጾም፣ ከቅዳሴ ወጥተን ገና ነጠላችንን ሳናወልቅ ወይዘሮ ዓለም «አንድ ጊዜ ቀበሌ ደርሰን እንመለስ» አለችን። ከመሀላችን ያን ቀን የቆረቡ ነበሩ። አሥራችንም ተከትለናት ሄድን።

ወረቀቱ በታይፕ ተመትቶ ይጠብቀን ነበር። ጓድ ፈቀደ ጮክ ብሎ አነበበው። «ወለተጻድቅ የተባለችው የቀበሌው ነዋሪ ቁምጥናዋን ደብቃ፣ በሽታውን ለማዛመት ሆን ብላ ከማኅበርተኞቿ ጋር ከአንድ ጽዋ ስትጠጣ የኖረች፣ በበርበሬና በሽሮ ንግድም ሰፊውን ሕዝብ ለአደጋ ያጋለጠች ስለሆነች፣ ከያዘችው የቀበሌ ቤት ተነሥታ ከአካባቢያችን እንድትወገድልን እንጠይቃለን» ይላል። እስከ ዛሬ በቃሌ ይዤዋለሁ። ከጽዋው አለመጠጣቷን የሚያውቅ በዚያ ክፍል ውስጥ ከእኔ በቀር አንድም ሰው አልነበረም።

ሴቶቹ ተራ በተራ አውራ ጣታቸውን ቀለም እየነከሩ አሻራቸውን አኖሩ። የእኔ ተራ ሲደርስ ጓድ ፈቀደ የቀለሙን ሳጥን ገፋ አድርጎ «ጓድ ሸዋገነት የተማረች ናት፤ ትፈርማለች» ብሎ እስክሪብቶ ሰጠኝ። ባለቤቴ መኳንንት ጠዋት ስወጣ «የሚሉሽን አድርጊ፤ ሊቀመንበሩን ተቃውመን የት እንኖራለን» ብሎኝ ነበርና ፈርቻለሁ ብልሽ እውነት ነው። ግን ሙሉው እውነት እሱ ብቻ አይደለም። ሁሉም በጣታቸው ሲያትሙ እኔ እስክሪብቶ ስይዝ ኩራት ተሰማኝ፣ ትርንጎዬ። ሸዋገነት ብዬ ጻፍኩ። የ«ሸ»ን ቆብ አልረሳሁም። ጓድ ፈቀደ «አብዮቱ ያፈራው ይኸውላችሁ» ብሎ አጨበጨበ፤ ሴቶቹም አጨበጨቡልኝ። ከትምህርት ደብተሬ ውጪ ስሜን ወረቀት ላይ ስጽፍ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

ነሐሴ ሃያ አራት ቀን አብዮት ጠባቂው ገረሱ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር መጣና እስከ ስድስት ሰዓት ቤቱን እንድትለቅ ነገራት። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላቋረጠም። ዕቃዋን ሲያወጡት ጭቃው ላይ ነው ያስቀመጡት፤ አልጋውን፣ ማሰሮዎቹን፣ የጥሩነህን ፎቶግራፍ ሳይቀር። ሐኪም የሰጣትን ወረቀት ለገረሱ አሳየችው። «እኔ የታዘዝኩት በሌላ ወረቀት ነው» አላት። ቀጥለው ሁለቱን ማዳበሪያ በርበሬ የተበከለ ነው ብለው እፊቷ ቦይ ውስጥ ደፉት። ጎርፉ ቀልቶ በሁላችን ደጅ እያለፈ ወረደ።

ከቤቱ ወጥቶ አይዞሽ ያላት ክርስቲያን አልነበረም። አልፊያ ብቻ ላስቲክ ይዛ ወጥታ አልጋ ልብሱን መሸፈን ጀመረች። ገረሱ «አንቺን ምን አገባሽ? ያስወጧት የራሷ ማኅበርተኞች ናቸው» ሲላት «ጎረቤቴ ናት» አለችው እንጂ አልተከራከረችውም። ፍራሹን በራሷ ተሸክማ፣ ወለተጻድቅ ጓዟን በጀርባዋ አዝላ፣ ዘመድ የሌለው ሕመምተኛ ወደሚጠጋበት ከሆስፒታሉ ጀርባ ወዳለው ሰፈር ሄዱ። በደጄ ሲያልፉ በሬን ቀርቅሬ ከኋላው ቆሜ ነበር። ወለተጻድቅ ጫማዋን ከጭቃው ስታላቅቅ ይሰማኛል። ጥቂት ቆመች። ስሜን የምትጠራ መሰለኝ። አልጠራችኝም።

በመስቀል ሰሞን ወይዘሮ ዓለም ፊቷ በርቶ እቤቴ መጣች። ሴት ልጇ በግንቦት ማግባቷን ጽፌልሽ ነበር። «ቀበሌው ለልጄ ቤት ሰጣት፤ የእግዚአብሔር ሥራ እይልኝ። እሑድ ቤት ምርቃት ነውና እንዳትቀሪ» አለችኝ። የተሰጣት የወለተጻድቅ ቤት ነው። «በሽታው አያስፈራችሁም?» አልኳት። «ጠበል አስረጭተነዋል» አለችኝና ሳቀች። ልጇን ወለተጻድቅ ትተኛበት በነበረው ጓዳ አስተኛቻት። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ ወይዘሮ ዓለም በሽታውን አንድም ቀን ፈርታው አታውቅም። የፈራነው እኛ ነን፤ እሷ ቤት ፈለገች፣ እኛ አሻራ ሰጠናት።

ከዚያ ወዲያ አባ ገብረአምላክ ዘንድ ሄጄ ተናዘዝኩ። ጾምና ስግደት ያዝዙኛል ብዬ ነበር። ከሰሙኝ በኋላ «ስግደት ባዝዝሽ ይቀልሻል። ሐሰቱን የተናገርሽው በሰው ፊት ነው፤ እውነቱንም በሰው ፊት ሄደሽ ተናገሪ። ያ ወረቀት ስምሽን ይዞ እንደቆመ እግዚአብሔር ይፍታሽ ልልሽ አልችልም» አሉኝ። አኩርፌ ልነሣ ስል ደግሞ «ቆዪ ልጄ» አሉኝ። «እኔም ሰኔ ማርያም ቀን ቀርቻለሁ። ወይዘሮ ዓለም መጥታ ‹አይሂዱ አባ፣ ይያዛሉ› ስትለኝ እሺ አልኩ። ይህን ለአንቺ የምነግርሽ፣ ከእኔ የበለጠ ድፍረት ካንቺ እንደምጠይቅ አውቀሽ እንድትሄጂ ነው» አሉ። ቀና ብዬ ሳያቸው ዓይናቸው መሬት ላይ ነበር።

ጥቅምት አሥራ ስምንት፣ እሑድ፣ የቀበሌ ስብሰባ ነበር። የተሰበሰብነው ለድርቅ ተጎጂዎች ብርድ ልብስና ልብስ እንድናዋጣ ነው። ጓድ ፈቀደ ስለ ወገን ፍቅር ብዙ ተናግሮ ሲጨርስ «ጥያቄ ያለው?» አለ። እጄን አወጣሁ። የፊቴን አግዳሚ ይዤ ቆምኩ። «ነሐሴ ሰባት ቀን የፈረምኩት ሐሰት ነው» አልኩ። «ወለተጻድቅ ካወቀች ወዲህ ከጽዋው አንድ ቀን አልጠጣችም፤ አጠገቧ የምቀመጠው እኔ ነኝ። ሕመሟም እንደማያጋባ የሐኪም ወረቀት አሳይታኝ አንብቤዋለሁ። ይህን እያወቅሁ ነው የፈረምኩት» አልኩ።

ጓድ ፈቀደ አልተቆጣም። «ጓድ ሸዋገነት፣ የዋሸሽው ያን ጊዜ ነው ወይስ አሁን?» አለኝ። «ያን ጊዜ» አልኩ። «እንግዲያው አብዮታዊውን አስተዳደር አሳስተሻል ማለት ነው፤ ይህን በራስሽ አፍ ነው ያመንሽው» አለና ለጸሐፊው ጻፍ አለው። ወይዘሮ ዓለም ተነሣች። «ጓድ ሊቀመንበር፣ እሷና ያቺ ሴት ከአንድ ትሪ ይበሉ ነበር። ነገሩ ጭንቅላቷ ላይ ወጥቶ ይሆናልና ትመርመር» አለች። ሰው ሳቀ። ማኅበርተኞቼን አንድ በአንድ አየኋቸው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው የሚስቁም ነበሩ፤ አንገታቸውን የደፉም ነበሩ። «እውነቷን ነው» ያለች አልነበረችም።

ዘጠኝ ቀን በቀበሌው እስር ቤት ቆየሁ። በሁለተኛው ቀን መኳንንት ጋቢ አምጥቶ ለዘበኛ ሰጥቶ ሄደ፤ ሊያየኝ አልፈለገም። ምግብ ያመላለሰችልኝ አልፊያ ናት። ስወጣ የጤና ወረቀት አምጪ ተባልኩ። ተመርምሬ ምንም የለብሽም ብለው ጽፈው ሰጡኝ፤ ጸሐፊው ሳያየው መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ማኅበሩ በቦታዬ ሌላ ሴት አስገብቷል። ቦኖ ላይ ባልዲዬን ሞልቼ ሳነሣ የምትከተለኝ ሴት የቧንቧውን አፍ በሳሙና ታጥበዋለች። መኳንንት አየር ጤና ከሚሠራበት ጋራዥ አጠገብ ካለ ምግብ ቤት በልቶ ይመጣል፤ ብርጭቆውንና ሳህኑን ለብቻ ለይቶ በገዛ እጁ ያጥባል። ሃያ ስድስት ዓመት አብሮኝ ኖሮ እጁን ወደ ኋላ ይሰበስብብኛል። አልፈርድበትም። ይህ ነገር እንዴት እንደሚደረግ የማውቀው ራሴ አድርጌው ነውና አልገረመኝም።

በዚህ ሁሉ መሀል አንድ ነገር ተስፋ አደርግ ነበር። ወለተጻድቅ ስትሰማ ደስ ይላታል፣ ታቅፈኛለች፣ አብረን አልቅሰን ይወጣልናል ብዬ። ባለፈው ሳምንት ሄድኩ። ከሁለት ሕመምተኛ ሴቶች ጋር አንዲት ክፍል ተጋርታ ትኖራለች፤ ጥልፍ እየጠለፈች አገኘኋት። ከስታለች እንጂ ጤናዋ ደኅና ነው፤ ኪኒኗንም አላቋረጠችም። መቀመጫ ሰጠችኝ። ስብሰባ ላይ ቆሜ ያልኩትን፣ ዘጠኝ ቀን መታሰሬን፣ ከዚያ በኋላ የደረሰብኝን ሁሉ ነገርኳት። መርፌዋን ሳታቆም ሰማችኝ።

ስጨርስ «ቤቴን መለሱልኝ?» አለችኝ። «አልመለሱልሽም» አልኳት። «ስሜን አነሡት? በርበሬዬን የሚገዛ ሰው አለ?» አለችኝ። «የለም» አልኳት። «ታዲያ ለማን ብለሽ ተናገርሽ?» አለች። «አባ እግዚአብሔር ይፍታሽ እንዲሉኝ» አልኳት፤ ሌላ መልስ ብፈልግ አጣሁ። «አሉሽ?» አለችኝ። «አዎ፣ አሉኝ» አልኳት። «ደግ» አለችና ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

እግሯ ላይ ወድቄ ይቅር በይኝ አልኳት። እስክነሣ ጠበቀችኝ። «ይቅር ብዬሻለሁ» አለችኝ። «ጠዋት ማታ አቡነ ዘበሰማያት እደግማለሁ፤ ይቅር ካላልኩሽ ያን ጸሎት በምን አፌ እለዋለሁ? ከልቤ ይቅር ብዬሻለሁ። ግን ሸዋዬ፣ ሁለተኛ አትምጪ። ስትገቢ ያን አግዳሚ ነው የማየው፤ ጽዋውን አፍሽ አድርሰሽ ስትመልሽው ነው የማየው። በሽታው ያልወሰደብኝን አንቺ ወስደሽብኛል። ይቅርታው የአንቺ ነው፣ ያዢው፤ ቀሪው ዕድሜዬ ግን የእኔ ነው» አለችኝ። በቁጣ አልተናገረችም። ከሴቶቹ አንዷ ውኃ አቀበለችኝ። ጣቶቿ ያለቁ ናቸው፤ ጣሳውን በሁለት መዳፏ ይዛ ነው የሰጠችኝ። ጠጣሁ። ማንም ጠጣሽ አላለኝም፤ ወለተጻድቅም ወደ ጥልፏ ተመልሳ ነበር።

ልወጣ ስል ከኋላዬ «ብርቱካን እንዴት ናት?» አለችኝ። አሥራ ሁለተኛን መጨረሷንና በታኅሣሥ እንደምትመጣ ነገርኳት። ለመጀመሪያ ጊዜ መርፌዋን አስቀመጠች። «ቁመቷ እኔን ደርሷል?» አለች። አላውቅም አልኳት፤ አንቺ ካላወቅሽልኝ ማን ያውቃል።

እንግዲህ የማስቸግርሽ ይህን ነው። ብርቱካን እኔ ቤት አትረፍ፤ የእኔን ጣጣ ልጅቷ ላይ ያወርዱባታል፣ መኳንንትም ፊት አይሰጣትም። አልፊያን ጠይቄያት «አንድ ክፍል ለቅቄ አሳርፋታለሁ» ብላለች። ለጾሙም ለፍስኩም የራሷን ድስት ይዛ ትምጣ፤ ሴትየዋን እመኛት። በመጣች በማግሥቱ አልፊያ ወደ ክርስትና እናቷ ትውሰዳት። ከመምጣቷ በፊት ቁጭ አድርገሽ ስለ ሕመሙ ሁሉንም ንገሪያት፤ ደርሳ እንዳትደነግጥ። ስትስማት ጉንጯን አስነክታ ትሳማት። እጇን ስትይዛት እጇን እንዳትሰበስብ። የምትሰጣትን ትብላ፣ የምትቀዳላትን ትጠጣ። እኔን ከጠየቀቻት ደኅና ናት ትበላት፤ ካልጠየቀቻት ግን ስሜን አታንሣባት።

ሀብተማርያምን ጤና ይስጥልኝ በይልኝ፤ ይህን ደብዳቤ አንብቢለት፣ አትደብቂው። አማትሽን እማማን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፤ ሲጸልዩ ያስቡኝ። ደመቀን ግንባሩን ሳሚልኝ፤ አክስትህ የማር ወለላ ለሳልህ ትልክልሃለች በዪው። ብርቱካኔን ዓይኖቿን ሳሚልኝ። አልፊያ አንቺንም ልጆችሽንም ሰላም ብላለች፤ ሙቀቱን አላህ ያቅልላችሁ ብላለች። አባ ገብረአምላክ በመስቀላቸው ባርከዋችኋል። መኳንንት ሰላም በይልኝ አላለኝም፤ ስለዚህ ከእሱ ሰላምታ አልጻፍኩልሽም።

እህትሽ ሸዋገነት
አዲስ አበባ፣ ኮልፌ
ኅዳር 18 ቀን 1977 ዓ.ም.